ፍሬን ስረግጥ

ጥቅምት 4
ልብስ አጠብኩ። የሥራ ሸሚዜንም ጭምር። አውቶቡስ ለማልነዳ ሰው ሸሚዙ ምን ሊያደርግልኝ? እንጃ... አጠብኩት። እርግዝናው ከማህፀን ውጪ ሆኖ ቀዶ ጥገና ከተደረገልኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ቁስሉ ከላይ ድኗል። ከውስጥ ግን ቀኝ ጎኔን አሁንም ጨምድዶ ይይዘኛል። ለባሌ አልነገርኩትም።

ጥቅምት 7
ጋራዥ ሄጄ አውቶቡሴን ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ነዳሁት። መሪው ደህና። ፍሬን ስረግጥ ግን ጎኔን ሰቅዞ ያዘኝ። ሰው ጭኜ ቢሆንስ ኖሮ? ትኬት ቆራጩ፣ “ሬዲዮ” የምንለው፣ ፊቴን አይቶ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለማ ነገሩ ከባድ ነው።

ጥቅምት 8
ለባሌ ነገርኩት። እንደገና ይከፍቱኛል ብዬ ፈርቼ ነው አልኩት። ለካ ማታ ማታ ሳቃስት ይሰማኝ ኖሯል።
“አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። እኔም ፈርቼ።”
ሁለት ፈሪ ባንድ አልጋ! ስስቅ ያመኛል... እያመመኝ ሳቅኩ።

ጥቅምት 12
ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ደም፣ ሽንት፣ አልትራሳውንድ። ክፉ ነገር የለም። ጠባሳው ከውስጥ ይዞሽ ይሆናል አለችኝ። ትኩሳት ካለኝ ወይም ሕመሙ ከባሰ ቶሎ እንድመጣ፤ እስከዚያው ስፖርት፣ ከባድ ነገር አለማንሳት። በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ።
“ልጅስ?”
“አንዱ የማህፀን ቱቦሽ ጤነኛ ነው። በአንዱም የሚወልዱ ብዙ ናቸው።”
ደረጃውን እያለቀስኩ ወረድኩ። የደስታ ነው... መሰለኝ።

ጥቅምት 20
አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ብቻሽን አትንፈራገጪ ብለው ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተጋደሙ። ጉልበት ወደ ደረት፣ ትንፋሽ በሆድ። ስፖርቱን እንደ ምንም ጨረሱት፤ መነሳቱ ግን አቃታቸው። ከባድ ነገር ማንሳት ተከልክያለሁ አልኳቸው።
“ከባድ ነገር ያልሽው እኔን ነው?”
ባሌ ከሥራ እስኪመጣ እዚያው ቀረን። መጀመሪያ ስንስቅ፣ ከዚያ ስናወራ። ስለጠፋው እርግዝና ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ዛሬ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እጄን ይዘው፣ ኮርኒሱን እያዩ ሰሙኝ። ቀለል አለኝ።

ኅዳር 3
ዳነች ሲሉኝ የውሃ ጀሪካን አነሳሁ። የእጄን አገኘሁ። ተኝቼ ዋልኩ።

ኅዳር 19
ስነቃ በቀኝ ጎኔ ተኝቻለሁ! መቼ ዞርኩ? ባሌ ፊት ለፊቴ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጀርባዬን ሰጥቼው ኖሯል። ሳልቀሰቅሰው ብዙ አየሁት። ሲያንኮራፋም ያምራል... እንዳይሰማ እንጂ።

ታኅሣሥ 1
ሥራ ገባሁ። ፍሬን ስረግጥ ትንሽ ይቆነጥጠኛል። ይቆንጥጠኝ፤ አውቶቡሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያው ፌርማታ ላይ አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ወዴት ነው ብላቸው፣ የትም። ከኋላዬ ተቀመጡና እስከ መጨረሻው ሄደው አብረውኝ ተመለሱ። መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ ፍጠኚ እንጂ ብሎ ሲነጫነጭብኝ ዞር አሉበት።
“አንተ፣ ቁጭ በል። ልጄ ናት የምትነዳው።”
ምራቴ አላሉም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ በመስታወቱ ሳያቸው ቀረሁ።