አረንጓዴውና ወይን ጠጁ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት አራት መልእክት ተቀበልኩ፣ አራቱንም አደረስኩ። የጠፋ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጦ ሰው ከሰው ሲያገናኝ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጣ ተብሎ እጁ ይረሳል እንዴ?

ትልቋ ልጄ ነርስ ናት። ያለችበት አገር ሰው ሁሉ ዋትስአፕ ነው... የሆስፒታሉ አለቃም፣ የልጆቿ አስተማሪም፣ ቧንቧ ጠጋኙም። ወንድሟ ሌላ አገር ከባድ መኪና ይነዳል። እዚያ ደግሞ ቫይበር ካልሆነ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። ትንሿ እዚሁ ከተማ ናት፣ ቴሌግራም ውስጥ ተከራይታ ትኖራለች ማለት ይቻላል። እኔ በቀለማቸው ነው የምጠራቸው። አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ፣ ሰማያዊው። ማዞሪያው ላይም ገመዶቼን በቀለም ነበር የምለየው።

አንዱን ምረጡ ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም። ትልቋ፦ "አባዬ፣ እዚህ ቫይበርን የሚያውቀው የለም። ለአንድ ሰው ብዬ ስልኬን አላጨናንቅም።" ወንዱ፦ "ዋትስአፕ ብከፍት እዚህ ከማን ጋር ላወራ ነው?"

እሺ፣ የአገሩ ልማድ ነው። ግን ያ "አንድ ሰው" ወንድሟ ነው እኮ።

ካልተነጋገሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ባለቤቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ቀዶ ሕክምናው ለጥቅምት 20 ተቀጠረ። ሐኪሟ "ቀላል ነው፣ አያስቡ" አለቻት። እሷም እሺ፣ እሺ አለች። ደጅ ስንወጣ ግን እጄን ጭብጥ አደረገችው።

"ከመግባቴ በፊት ሁለቱ ሲያወሩ መስማት እፈልጋለሁ።"

"ካንቺ ጋር?"

"ከኔ ጋርማ በየቀኑ ያወራሉ። እርስ በርሳቸው።"

"ይቺማ ለኔ ምኔም አይደለች" አልኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የምትለኝ።"

ፈርታለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር ስትፈራ ያየሁት ሁለቴ ነው። ይህን ነገር እስከ 20 ካልጨረስኩ ማዞሪያ ላይ የተቀመጥኩት በከንቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

በሰማያዊው የቤተሰብ ግሩፕ ከፈትኩ። የማንም ሠፈር አይደለም፣ ሁለቱም ቅር አይላቸውም ብዬ። ትንሿ ሊንኩን ለሁለቱም ላከችላቸው።

እስካሁን የገባነው እኔ፣ ባለቤቴና ትንሿ። ትንሿ የምትስቅ ድመት ላከች። ባለቤቴ በስህተት የጣሪያችንን ፎቶ ላከች። አለቀ።

ትልቋ፦ "ሥራ ቦታ ጊዜ የለኝም።" ወንዱ፦ "ስልኬ ሞልቷል አባዬ።" ሞልቷል ይለኛል... በየቀኑ የጎማ ፎቶ እየላከልኝ!

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ትልቋ ደወለች። "ለዚያ ልጅህ ንገረው። ልብ ካለው ለእናቱ ይድረስላት። እንዳለፈው ድምፁን እንዳያጠፋ።"

ለወንዱ ያደረስኩት፦ "እህትህ ሰላም ብላሃለች።"

እሱ ደግሞ፦ "አሁን ነው ሰላምታው? እማዬ ስትታመም የደበቀችኝ እሷ አይደለችም?"

ለእሷ ያደረስኩት፦ "ወንድምሽ ደህና ነው፣ አመስግኗል።"

እንዲህ ነው የምሠራው። እሾህ እሾሁን እየነቀልኩ አሳልፋለሁ። ይህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይቃጠል የቆየው በኔ ነው።

ግን... የደበቀችኝ? ማን ነው የደበቀው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ያቺ ቃል አላስቀምጥ አለችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ባለቤቴ በልቧ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ እኔ ከአልጋዋ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። ለወንዱ እህቱ ትነግረዋለች ብዬ ተውኩት። እሱ የሰማው ከወር በኋላ ነው፣ እናቱ ቤት ከገባች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ቁስል አልነካካም ብዬ...

ትልቋ ጋ ደወልኩ።

"ያኔ ለወንድምሽ ነግረሽው ነበር?"

"መንገርማ! አምስቴ ጻፍኩለት። ብሎክ አድርጎኝ እንጂ።"

"ብሎክ ማድረጉን በምን አወቅሽ?"

"ቆይ፣ ላሳይህ።"

ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። "እማዬ ሆስፒታል ናት።" "የት ነህ?" "ኧረ ና ድረስ።" አምስት መልእክት፣ ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ራይት። አንድ ብቻ። ከእሷ ወጥቷል፣ እሱ ዘንድ አልደረሰም ማለት ነው። ሲደርስ ሁለት ይሆናል። ሰው ብሎክ ሲያደርግም አንድ ላይ ይቀራል፣ እሱስ እውነቷን ነው። ግን እኔ ኦፕሬተር ነኝ። ስልክ አላነሣ ያለ ሁሉ ተጣልቶ አይደለም። አንዳንዴ ሰውየው ቤት ቀይሯል።

ወንዱን በወይን ጠጁ ያዝኩት።

"ዋትስአፕን መቼ ነው ያጠፋኸው?"

"እዚህ እንደመጣሁ ነዋ። ቁጥሬንም ቀየርኩ። ላንተ ነግሬህ የለ? ለእትዬም ስጥልኝ አላልኩህም?"

ብሎኛል። አሁን ትዝ አለኝ። መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። እሺ ብዬ፣ ስልኩን ኪሴ ከትቼ... በሳምንቱ ባለቤቴ ታመመች።

አልሰጠኋትም። ባዶ ቤት ነው አምስቴ ያንኳኳችው።

የጠፋ የለም እያልኩ የምፎክረው እኔው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ቁጥሩን መርሳትስ የሰው ነው። የባሰው ሌላው ነው። የተባባሉትን እንዳለ ባደርሰው ኖሮ፣ "ብሎክ አደረገኝ" እና "ደበቀችኝ" በማግስቱ ፊት ለፊት ይገጥሙ ነበር። ማዞሪያ ቤት የገባሁ ቀን አለቃዬ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፦ ቃል አትቀይር፣ ካገናኘህ ከመስመሩ ውጣ። ቀየርኩ። አልወጣሁም። ደግሞ ወድጄው ነበር... ሦስቱም በኔ በኩል ሲያልፉ ደስ ይለኝ ነበር። ልዋሽ?

አፍራለሁ። ግን መላ አላጣሁለትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

የባለቤቴን ስልክ አመጣሁ፣ በአረንጓዴው ለትልቋ ደወልኩ። በኔው ስልክ፣ በወይን ጠጁ፣ ለወንዱ ደወልኩ። ሁለቱንም ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋቸው፣ የአንዱ አፍ ለሌላው ጆሮ። የድሮው ገመድ ማለት ይኸው ነው። ባለቤቴ ወንበሯን ሳበች።

"ሁለታችሁም መስመር ላይ ናችሁ" አልኩ፣ በሥራ ድምፄ። "አንድ የጠፋ መልእክት አለ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁጥሩን፣ ሰልፉን፣ "ሰላም ብላሃለች" እያልኩ የፈጠርኩትን ሁሉ።

"አምስቴ ጻፍሽልኝ?" አለ ወንዱ።

"አምስቴ።"

"እትዬ... እኔኮ አላየሁም። በእማዬ ሞት አላየሁም።"

"ዝም በል! እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማችህ በሞቷ ትምላለህ?"

ባለቤቴ ሳቋ አመለጣት። ትልቋ ስቃ ነው አልቅሳ አልለየሁትም፣ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። በሩንም ዘጋሁት።

ግቢ ውስጥ ሃምሳ ደቂቃ ቆምኩ። ምን እንዳወሩ አላውቅም። ጓጉቼ ነበር፣ አልሰማሁም።

ባለቤቴ "ስልኬ ባትሪ ጨረሰ!" ስትል ገባሁ። ወንዱ ገና መስመር ላይ ነው። "አባዬ፣ ለእትዬ ንገርልኝ..."

"አልነግርም። ማዞሪያው ተዘግቷል። ቁጥሯ ይኸው፣ ጻፍ።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። እጄን ሳትይዝ ገባች።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ፋሻው ከተነሣ ቀናት ሆነው። ባለቤቴ ዛሬ ሸሚዜ ላይ እኔ ያላየሁትን ነጠብጣብ አየች።

ሁለቱ በየትኛው እንደሚያወሩ አላውቅም ነበር። ትንሿ ናት የነገረችኝ። ወንዱ ለእህቱ ብሎ አረንጓዴውን ከፈተ። እሷ ለእሱ ብላ ወይን ጠጁን። አሁን እሱ በእሷ ይጽፋል፣ እሷ በእሱ ትመልሳለች። ለአንድ ሰው ብለው ስልካቸውን አጨናነቁ።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ጠረጴዛውን ስትጠርግ፦ "የልጆቹን ክፍል ቀለም ሳትቀባው እንዳይመጡ።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ሁለቱም ናቸዋ። ታኅሣሥ ላይ። አልሰማህም?"

ከቤቱ ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ቆንጠጥ አደረገኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ቀለም ልገዛ ወጣሁ።

ዛሬ የተቀበልኩት መልእክት የለም። ያደረስኩት የለም። የጠፋም የለም።