ሃያ ቅጂ

እሑድ

ቀለሙ ከማሽኑ ይወደዳል። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ታሃና መርካዚት፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሱቅ ገብቼ የአንዲት ትንሽ ነጭ ፕሪንተር ዋጋ ሳይ «ይቺማ የኔ ናት» ብዬ አቅፌያት ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ደግነቱ ሻጩን ቀለሟን አሳየኝ አልኩት። የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት ነገሮች ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ባለ ቀለም። ዋጋቸውን ሲነግረኝ ተሳስቶ የማሽኑን የጠራ መስሎኝ አስደገምኩት። አልተሳሳተም። ሲያልቅስ? ሌላ መግዛት ነው። መሙላትስ? አይሞላም፣ ይጣላል። ደንዝዤ ወጣሁ።

ለምን እንደፈለግኩት እዚህ ልጻፈው፣ ኋላ «ለቅንጦት ነው» ብዬ ራሴን እንዳልወቅስ። አጎቴ ፈረደ ጎንደር ነው ያለው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ አዝላ ያሳደገችው። እኛ ወደዚህ አገር ስንመጣ እሱ ቀረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ለመምጣት ተራ ይጠብቃል። አሁን ደግሞ ማመልከቻውን የሚያየው ቢሮ ቲኩ እንደ አዲስ ይቅረብ ብሏል። ቲክ የሚሉት ፋይሉን ነው። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ የዘር ሐረጉ፣ እስከ ዛሬ የላክነው ሁሉ በወረቀት ታትሞ እስከ ወሩ መጨረሻ መግባት አለበት። እናቴ ሌላ ጸሎት የላትም። «ዓይኑን አይቼ ልሙት» ነው ጠዋት ማታ የምትለው።

እስከ ዛሬ ወረቀት የሚያትምልን አያ ታደለ ነበር። የአክስቴ ልጅ ነው፣ እዚሁ ሰፈራችን ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ ከኛ ሁለት ሕንጻ አልፎ ይኖራል። የሰፈሩ የኛ ሰው ወረቀት በሙሉ በሱ እጅ ነው ያለፈው። ቀለሙን በሐኪም መርፌ እየጨመረ ነበር የሚሞላው፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ጥቁር ናቸው። አሁን ግን ማሽኑ በመርፌ የገባውን ቀለም «አላውቀውም» ብሎ አሻፈረኝ ብሏል። ልገዛ ነው ብዬ ስደውልለት ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ምን ያጣድፍሻል ዝናሽ? ትንሽ ቆዪ እስቲ» አለኝ። የወሩ መጨረሻ ነዋ የሚያጣድፈኝ። ቀንቶ ነው። ሰው ደጁን የሚጠናው በዚያ ማሽን ነበር፣ አሁን ማን ሊጠናው ነው።

የምፈልገው፦
ቀለሙ ርካሽ የሆነ።
እኔው ራሴ የምሞላው፣ ያለ መርፌ።
ፎቶ አጥርቶ የሚያወጣ፤ የአጎቴን ፊት ጥላ የማያስመስል።
ካሉበት ሆነው በስልክ የሚያዙት። (ይኼ የልጄ የሺራ ነው። እኔ ግድ የለኝም።)

ሰኞ

ለሃቪም በምትባለው መንደር፣ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው አሮጊት ቤት፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር አንድ ትልቅ ጥቁር ማሽን አለ። ስንት ዓመት አቧራውን ስጠርግ ፕሪንተር መሆኑን ልብ አላልኩም። ሌዘር ነው አሉኝ፣ የሚበላው ቀለም ሳይሆን ዱቄት ነው። አንዴ ከተሞላ ዓመት ከዓመት ይሄዳል። ዘለልኩ። አስፈቅጄ የአጎቴን ፎቶ አወጣሁበት። አመድ መስሎ ወጣ። ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቢሮው ደግሞ ባለ ቀለም ፎቶ ነው ያለው። ሌዘር ተሰረዘ።

ከሥራ ስመለስ ሁለተኛ ሱቅ። ዛሬ ብልጥ ሆኛለሁ፣ ዋጋ አልጠየቅኩም። «የት ነው የሚሞላው? ክፈትና አሳየኝ» አልኩት። ሻጩ ግራ ገባው፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም መሰለኝ። ከፈተው። በጎኑ አራት ትንንሽ ጋኖች አሉት፣ በመስኮት ቀለሙ ስንት እንደቀረ ይታያል። ቀለሙ በጠርሙስ ነው የሚሸጠው። የእያንዳንዱ ጠርሙስ አፍ የራሱ ጋን ላይ ብቻ ነው የሚገጥመው፣ ቢጫውን ሰማያዊው ውስጥ ልጨምር ቢሉ አይሆንም። እንደ ዘይት ማፍሰስ ነው። ማሽኑ ራሱ ውድ ነው፣ ያውም በጣም። ግን ጠርሙሱ የዚያችን የክብሪት ቀፎ ሩብ አያወጣም። ይኼን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር እያለ ሰው ለምን በመርፌ ይሰቃያል?

ልግዛ አልግዛ ብዬ ለአያ ታደለ ደወልኩ። አላነሳም። ቆይቶ ጻፈልኝ፦ «ከሐሙስ በኋላ እንነጋገራለን።» ሐሙስ ምን አለ? ደሜ ፈላ። የገዛ አጎቱም እኮ ነው።

ማታ ከታች ፎቅ ያሉት ሁለቱ ሴቶች እናቴን ሊጠይቁ መጡ። ደግ አደረጉ። ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጡት። የደም ግፊት ክኒኗን ወስዳ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ያቀረብኩትን ሳይነኩ ተነሱ። ስልኬን አየት አየት ሳደርግ ቅር ብሏቸው ይሆናል።

ማክሰኞ

ገዛሁት! አያ ታደለ የፈለገውን ይበል። ካርቶኑን ታቅፌ አውቶቡስ ላይ ቆሜ መጣሁ፣ ሾፌሩ ለሱም ክፈይ አለማለቱ።

ቀለሙን ራሴ ሞላሁ። ጠርሙሱን ገልብጦ ማቆም ብቻ ነው፤ እየተንዶቀዶቀ ይወርድና ጋኑ ሲሞላ በራሱ ያቆማል። ጣቴን አየሁ። አንዲት ጠብታ የለም። ለአያ ታደለ ፎቶ አንስቼ ልልክለት ነበር፣ ተውኩት።

ከዚያ ድንጋጤ። ማሽኑ አንድ ወረቀት ሳያትም እየጎረመረመ ከቀለሙ ብዙውን ጠጣው። በመስኮቱ እያየሁት ዝቅ፣ ዝቅ። ተታለልኩ ብዬ ጮህኩ። ሺራ መመሪያውን አንብባ «ኢማ፣ ዳይ፣ በቃሽ። የመጀመሪያ ቀን ብቻ ነው፣ ቱቦዎቹን እየሞላ ነው» አለች፣ በዕብራይስጥ፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ዓይኗ ቀልቷል። ምነው ስላት ፈተና አለችኝ። የነርስ ትምህርት ዓይን ያጠፋል።

መጀመሪያ ያወጣነው የዘር ሐረጉን ነው። እናቴ ፊደል አትለይም፣ ግን ወረቀቱን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ፈረደ የቱ ጋ ነው?» አለች። ስሙን በጣቴ አሳየኋት። እዚያው ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። ሺራ ብድግ ብላ ወደ በረንዳው ወጣች።

አመሻሹ ላይ አያ ታደለ ራሱ መጣ። ማሽኑን አሳየሁት፣ ጋኑን፣ ጠርሙሱን፣ ንጹሕ ጣቴን። «ጥሩ ነው» አለ። ሌላ የለም። «እማማ ክኒኗን ትወስዳለች?» ብሎ ጠየቀና ሄደ። በሽተኛ ያለበት ቤት አስመሰሉት እኮ።

ረቡዕ

እናቴ ጋደም ብላለች፣ ሳትነሳ ልጻፈው።

ረቡዕ ረቡዕ እናቴ ሞዓዶን ነው የምትውለው፣ የአረጋውያኑ መዋያ። ዛሬ ጉልበቷን አሟት ቀረች፣ እኔም ለለሃቪሟ አሮጊት ደውዬ ቀረሁ። ሺራ በማለዳ ስለወጣች አላወቀችም። ረፋድ ላይ ሳሎን ተቀምጠን ሽንኩርት እየላጥኩ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ተነሳ። መብራቱ በራ፣ ወረቀት ሳበ። ሺራ ከኮሌጅ ሆና እየሞከረችው ነው ብዬ ሳቅኩ።

ወረቀቱ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ። ግንባሩ ብቻ እንደታየ እናቴ «ፈረደ ነው» አለች። ጉልበቷን ረስታ ቀድማኝ ተነሳች። ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ቀለሙ እንደ ሕይወት። «እንዴት አምሮበታል። ምን ይላል? አንብቢልኝ» ብላ ሰጠችኝ።

ዙሪያውን ጥቁር መስመር አለው። ከላይ በዕብራይስጥ፣ ከታች በአማርኛ። ፊደሎቹን አየኋቸው እንጂ ምን እንደሚሉ አልገባኝም፣ እንደገና ጀመርኩ። ዜና ዕረፍት ይላል። ባለፈው ዓርብ በጎንደር አረፈ ይላል። ለቅሶ ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ በእህቱ በእማማ ጥሩወርቅ ቤት። የለቅሶው ቤት አድራሻ የኛ ነው። የኛ ሕንጻ፣ የኛ ፎቅ።

ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው። አላቆምም አለ።

«ስንት ነው የሚያወጣው?» አለች እናቴ። ማያው ላይ ሃያ ይላል። ሃያ አልኳት። «ለምን ሃያ?» «ቢሮው ነው የጠየቀው።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ አፌ ነው ያለው። እናቴ ዓይኗ በራ። «ሃያ ፎቶ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤትማ ሰውየውን ሊያመጣው ነው። እንዲያው ለከንቱ ሃያ አይጠይቅም» አለች። ማሽኑን መታ መታ አድርጋ መረቀችው። ጥቁሩ መስመር ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጌጥ ነው አልኳት። ጌጥ። ከዚያ አንዱን ወረቀት አጥፋ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። እንዴት ብዬ ልቀማት?

ብዙ ሳይቆይ ሺራ እያለከለከች ገባች። አያቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ወጥ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከእሑድ ጀምሮ ታውቃለች። አጎቴ ያረፈው በድንገት ነው፣ ዓርብ ዕለት። ሽማግሌዎቹ ከኔታንያ የሚመጡት ዘመዶች እስኪደርሱ ብለው መርዶውን ለነገ ጠዋት ቆርጠዋል። ሕንጻዎቹ በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አያ ታደለ ሊያትም ነበር፣ ማሽኑ እምቢ ሲለው ለሺራ ላከላት። እሷም አያቷ ሞዓዶን፣ እኔ ለሃቪም ባለንበት ሰዓት አውጥታ፣ ሳንመለስ ልትሰበስበው ነበር ያሰበችው።

«ለኔስ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኳት።

«ፊትሽ ይናገራል ኢማ» አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችው።

የደነገጥኩት በየቱ እንደሆነ አላውቅም። አጎቴ ሞቷል። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ መርዶ ይዛ ከአያቷ ጋር በላች፣ ጠጣች። ወጋችንን አታውቅም ብዬ ለስንቱ ሰው ነው ያማኋት። እኔ ደግሞ የማውቀው ነኝ። ስንት ቤት እንዲህ ሄጃለሁ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ክኒን ወስዳችኋል ወይ ብያለሁ፣ የቀረበልኝን ሳልነካ ተነስቻለሁ። የራሴ ቤት ሲመጣ ምቀኝነት ነው ብዬ ስበግን ከረምኩ። አያ ታደለ ይቅር ይበለኝ።

የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ፍራሼ ሥር ናቸው። እስከ ነገ ጠዋት ፊቴን የት ላድርገው?

ሐሙስ

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወጥ ቤት በር ዘግቼ ነው የምጽፈው፣ አሁን ይመጡብኛል።

ትናንት ከሰዓት በኋላውን መጻፍ አለብኝ። እናቴ ስልክ አምጪ ብላ ለሁለቱ ጓደኞቿ ደወለች፣ ሃያ ፎቶ ተጠየቅን እያለች። እነሱም ያውቃሉ። ምን ይበሉ፣ እሰይ አሉ። ከዚያ እኔን ጠርታ ፈረደ የሚተኛበትን አሳየችኝ፣ በበረንዳው በኩል፣ ብርድ ስለማይወድ ከግድግዳው ራቅ አድርገን። ወፍራሙን ብርድ ልብስ እጠቢ አለችኝ። አጠብኩት። አሰጣሁት። እሷ በመስኮት እያየችኝ ነበር፣ ስለዚህ ወደ ገመዱ ዞሬ ቆየሁ።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሺራ ከፈተች። ሰባት ሆነው ገቡ፣ ከፊት ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባባ ይርጋ፣ ከኋላ አያ ታደለ። በዚህ ሰዓት ሰባት ሰው ሲገባ እኛ አገር ሰው የሚጠይቀው ነገር የለም፣ ያውቃል። እናቴ ግን ፈገግ ብላ ተነሳች። ደስ ብሏቸው የመጡ ነው የመሰላት። ከቀሚሷ ውስጥ ያንን ወረቀት አውጥታ ለአባባ ይርጋ ሰጠቻቸው። «እዩልኝ፣ ሊመጣልኝ ነው» አለች።

አባባ ይርጋ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ጽሑፉን ያጻፉት። ዘርግተው አዩት፣ መልሰው አጠፉት። ሌሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። እናቴ የሳቸውን ፊት አየች፣ የታደለን አየች፣ ቀጥላ ዞራ የኔን አየች። ፊቴን ልሰውረው ሞክሬ ነበር።

«ዝናሽ» አለች።

«ጥሩወርቅ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ አባባ ይርጋ፣ ያን ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ከዘመዶቹ አንዷ ነርስ ናት፣ ግፊቷን ለካች፣ ደህና ነው። ሺራ አያቷን ከኋላ አቅፋ እስካሁን አልለቀቀቻትም። አያ ታደለ አሥራ ዘጠኙን ወስዶ በየሕንጻው በር ለጥፎ መጣ። ሃያኛውን እናቴ ከአባባ ይርጋ እጅ መልሳ ወስዳዋለች፣ ማንም ስጪን አላላትም። ማሽኑ ጥግ ላይ ነው፣ ሰው ፎጣ አልብሶታል። ፎጣውን ገልጬ አየሁ፤ ያን ሁሉ አትሞ ቀለሙ ዝቅ ያለ አይመስልም። ማንን እንደምረግም አላወቅኩም።

ቅድም ሰው ትንሽ ቀለል ሲል ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሳታየኝ «ትናንት ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ብርድ ልብሱን ስታጥቢ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ወረቀቱን ከቀሚሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ከዚያ «ትናንት ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት» አለች።

ወቀሳ ይሁን ምርቃት መለየት አቃተኝ። ልጠይቃት ወደሷ ዞር ስል የኔታንያዎቹ በር ላይ ደረሱ፣ ለቅሶውም እንደገና ተነሳ።