ድገመው አልኩት

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ ራምዚ! የሳዑዲዋ ደማም ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ በእውነት ተሻለህ ወይስ ለእናታችን እንደምትላት «ደህና ነኝ» ብቻ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እኔማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

እዚህ ቡታጅራ፣ ገበሬው ደውሎ የበርበሬ ዋጋ የሚሰማበት መስመር ያለው የቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ እሠራ እንደነበር ታውቃለህ። መስመሩ ላይ የምትናገረዋ እኔ ነበርኩ። አለቃችን ነብዩ አንዷን ዓረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ ያስቀዳኛል፤ «ድገሚው፣ የገበያ ሴት መሰልሽ» እያለ።

ባለፈው ወር በገበያ ቀን ዋጋው ናረ። አዲሱን ልቅዳ ብለው፣ ሆቴል ስብሰባ ላይ ፎቶ ሲነሳ የዋለው ጌታው ነብዩ «ያለ እኔ ፈቃድ እንዳትነኪ» አለኝ። የድሮው ዋጋ ሲነገር ዋለ፤ ሰዉም በርበሬውን በርካሽ ለነጋዴ አስረከበ። በማግስቱ ገበሬዎቹ ቢሮውን ሲሞሉት ነብዩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «ድምፁ የእሷ አይደል? የተሳሳተችው እሷ ናት!» ያን ዕለት ሥራውን ጥዬለት ወጣሁ። ግን ራምዚዬ፣ ገበያ መውጣት አቃተኝ። አፌን ስከፍት ሰዉ በድምፄ ያውቀኛላ! «ያቺ ውሸታም» ይሉኛል። አንዷማ ሽንኩርት አልሸጥልሽም አለችኝ።

አላህ ግን አያሳፍርም። ነብዩ በእኔ ቦታ ከአዲስ አበባ ለስላሳ ድምፅ አስመጣ። ገበሬው «ይቺ ደግሞ የማናት?» እያለ ይዘጋባት ጀመር። ደዋይ ሲጠፋበት ጎረቤታችንን ሐጂ ሰይዶን ለሽምግልና ላከብኝ። ሐጂም «ልጄ፣ አፉ በይው» አሉኝ። «እሺ፣ ግን ስሜ በጠፋበት መስመር ይመለስልኝ፤ በራሱ ድምፅ፣ አንድ ወር ሙሉ» አልኳቸው። ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ይቅርታውን የቀዳችው የሥራ ባልደረባዬ የነበረችው ማርቲ ናት፤ እኔም ቢሮው ሄጄ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ነብዩ አጉተመተመ። ድገመው አልኩት። ደገመው። አልተሰማም፣ ድገመው አልኩት። አሥራ አንድ ጊዜ! ላቡ በግንባሩ ሲወርድ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሽህም።

አሁን የደወለ ሁሉ ከዋጋው በፊት «እኔ ነብዩ ነኝ፤ የድሮውን ዋጋ ያስነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሩፋይዳ ጥፋት የለባትም» ሲል ይሰማል። ሽንኩርት ሻጯ ትናንት መርቃ ሰጠችኝ። እሱ ደግሞ ተመለሺ እያለ ይለምነኛል። ለሐጂ ቃል የገባሁት ይቅርታ ነው፤ መመለስ መቼ አልኩ?

ባለቤትህን ባሂራን ሰላም በልልኝ፤ ልጃችሁን አብዱልሃፊዝን ጉንጩን ሳምልኝ። ታናሿ እህታችን ከድጄ ጫማዬን አትርሳ ትላለች። እናታችን ዱዓዋ ይድረስህ። ጓሯችን እንሰት እንጂ አንዲት ዛላ በርበሬ እንደሌለበት ታውቃለህ፤ እሷ ግን በየማለዳው ደውላ፣ የስልኳን ድምፅ ለጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ ዋጋ ትጠይቃለች።

እህትህ ሩፋይዳ
ቡታጅራ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.