ያልጨረስሽው ዳንስ

ውድ ልጄ ኢንሳፍ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ስልኩን ብታነሺ እጠይቅሽ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅ ከተመለስሁ ሰባት ወር ሆነኝ፣ ድምፅሽን አልሰማሁም። ትናንት ጎረቤታችን ራህማ ያንኑ ዳንስ፣ ያንኑ ሸራ ይዛችሁ ደሴ ልትመጡ እንደሆነ ነገረችኝ። የሐይቅ ሴት ሁሉ ሊሄድ ነው አሉ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ፊደል የቆጠርሁት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነውና ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂ። ይህንን ለሌላ ሰው ተናግሬ ማስጻፍ አልችልም።

መጀመሪያ አብሮሽ የሚደንሰውን ልጅ፣ ሙሉአለምን፣ ግንባሩን ስለፈነከትሁት አውፍ በለኝ በይልኝ።

ዳንስ ነው ብለሽ ነግረሽኝ ነበር፣ አልረሳሁትም። ግን ያ አዲስ አበባ ያለው፣ ጋለሪ የምትሉት ቤት መድረክ የለው፣ መጋረጃ የለው፣ ወንበር እንኳ የለው። ሰው ሥዕል እያየ ይዞራል፣ እናንተ ከመሃሉ ናችሁ። ሠዓሊው ታረቀኝ ግድግዳውን በሙሉ ነጭ ሸራ አልብሶታል። አንቺ ጀርባሽን ቀይ ቀለም ተቀብተሻል። ሙሉአለም ጸጉርሽን ጨብጦ ሸራው ላይ ወረወረሽ። ስትላቀቂ የጀርባሽ ቅርጽ በቀይ ታትሞ ቀረ። ደግሞ አነሳሽ፣ ደግሞ ወረወረሽ። አምስት ጊዜ ቆጠርሁ። በአምስተኛው ትንፋሽሽ ቁርጥ ሲል ሰማሁ። እንዲያ ያለውን ትንፋሽ አውቀዋለሁ።

ሻሼን አውልቄ ከመሃላችሁ ጣልሁ። አሮጊት ሻሿን ከጠበኞች መሃል ስትጥል በእኛ አገር ማንም እንደማይሻገር ታውቂያለሽ። ሰካራም እንኳ ቢላዋውን ወደ ሰገባው ይመልሳል። ሙሉአለም ግን ረግጦት አለፈና እንደገና ጸጉርሽን ያዘ። ያን ጊዜ ነው ጃንጥላዬን በሁለት እጄ ይዤ ግንባሩን ያልሁት።

«ኧረ እማማ! የውሸት ነው! የውሸት ነው!» አለ፣ ደሙን በመዳፉ እየያዘ።

«የውሸት ከሆነ ለምን ትንፋሿን ትቆርጠዋለህ፣ አንተ የሴት ጀግና!» ብዬ ትከሻውን ደገምሁት።

ሰው አጨበጨበ። ወላሂ አጨበጨቡ! አንዷ ስልኳን ደግና «ሴትዮዋ እንዴት ትችልበታለች!» ትላለች። ታረቀኝማ ልጁን ክንዱን ይዞ «አትጥረገው፣ ሸራው ላይ ይንጠብጠብ» ይለዋል። ከእኔ የባሰ ጨካኝ እሱን አየሁ።

«እማ፣ ሥራዬን ገደልሽው!» ብለሽ ጮህሽብኝ። ይህን እችለው ነበር። ያልቻልሁት ከዚያ በኋላ ለሰዉ የተናገርሽውን ነው። «ይቺ እናቴ ናት» አልሽ። «ያያችሁት የእሷ ታሪክ ነው። አባቴ ሲደበድባት አንድ ቀን እንኳ እጇን አላነሳችም። ትዕግሥቷን ነው የደነስሁት።» ጃንጥላው ገና ከእጄ አልወረደም፣ የልጁ ደም ወለሉ ላይ ነው፣ ሰዎቹ ግን ለትዕግሥቴ አለቀሱ። አንዲት ወይዘሮ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ነጠቅኋት።

ኢንሳፍ፣ አባትሽ የደበደበኝ ያን ቀን የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። እኔ የተኛሽ መስሎኝ ነበር። ከዓሣ መረቡ ክምር ጀርባ ሆነሽ ማየትሽን ያወቅሁት እዚያ ጋለሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ ያላየሽውን ልንገርሽ።

አባትሽ መረቡን ባዶ አወጣ። «ሐይቁን ያደረቀው የአንቺ ዓይን ነው» ብሎ በጀልባ መቅዘፊያው ይቀጠቅጠኝ ጀመር። ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ። ጎኔን ረገጠኝ። ከአንቺ ቀጥሎ የሚወለደው ልጅ በዚያ ቀን ቀረ። ወድቄ ዝም ስል አንቺ የሞትሁ መስሎሽ ወደ ራህማ ቤት ሮጥሽ። ዳንስሽም እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሴትዮዋ ትወድቃለች፣ መብራት ይጠፋል።

እኔ ግን ተነስቻለሁ።

እሱ መቅዘፊያውን ጣለና ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ በሩ ላይ ተቀመጠ። ከእኔ ደም ሊነጻ! ቀኙን ታጥቦ ግራውን ሲጀምር በጉልበቴ ድኼ ደረስሁበት። የቀኝ ክርኑ የደፉ ድንጋይ ላይ ነበር። ያንኑ መቅዘፊያ አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እንደ ጥጃ ጮኸ። «ሁለተኛ ብትነካኝ ጭንቅላትህን ነው» አልሁት። ራህማ አንቺን አዝላ ስትደርስ «ከድንጋይ ወደቅሁ» አላት። ሚስቴ ሰበረችኝ ከሚል ሞቱን ይመርጥ ነበር። እኔም ዝም አልሁ፤ የእሱ ሀፍረት ለእኔ ሰላም ሆነኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ያ እጅ ከደረቱ በላይ አልወጣም። አንቺ በዘይት እያሸሽ «አባ፣ ያምሃል?» እያልሽ አደግሽ። እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ ጥርሴን እነክስ ነበር። ልነግርሽ እየፈለግሁ ያልነገርሁሽ እንዳትጠዪኝ ነው። አሁን ብትጠዪኝ ይሻለኛል። ትዕግሥተኛ ተብዬ ከምወደድ በሰበርሁት ልጠላ።

ደሴ ላይ እናትሽን ሙጂባን ወድቃ የቀረች አድርገሽ ካሳየሽ የሐይቅ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? «እንደ ሙጂባ ቻይው» ነው የሚሉ። በስሜ የምትደበደብ ልጅ እንድትኖር አልፈልግም።

ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብሁለት።

«ከድንጋይ ነው የወደቅሁ» አለ።

«እንግዲያው ደሴ ና፣ ለሰዉ ራስህ ንገራቸው» አልሁት።

«ምን ቸገረኝ፣ እመጣለሁ!» አለ። ሽማግሌው ዛሬም እልኸኛ ነው።

ሁለታችንም ከፊት እንቆማለን። ሴትዮዋን አስነሻት። ወድቃ ሳለች መብራቱ ከጠፋ ግን በጨለማው ውስጥ ጮኼ የቀረውን እናገረዋለሁ፣ አባትሽም አጠገቤ ቆሞ ይሰማዋል። ስልኩን ብታነሺም ባታነሺም፣ ቃሌ ይኸው ነው።

አላህ በደህና ያድርስሽ።

እናትሽ ሙጂባ
ሐይቅ