አናቴ ላይ የተመለሰው እባጭ

ማክሰኞ
አናቴ ላይ የነበረው እባጭ ተመልሷል። ጥምጣሜን ስፈታ እጄ ነካው፤ ሽምብራ ያህላል፣ ቦታውም ያው ነው። ሰኔ ላይ ጤና ረዳቱ በጥቶልኝ ነበር። ቁስሉ የሚደማ ቄስ መቅደስ አይገባምና እስኪደርቅ ከምእመናን ጋር ቆሜ አስቀደስኩ። ለዘንድሮ ጥምቀት ታቦቱን እንድሸከም የተመደብኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ
ጤና ረዳቱ ዳሰሰው። «አባ፣ ከእንግዲህ አልበጣዎትም። ከረጢት አለው፤ ከረጢቱ ካልወጣ መልሶ ይሞላል።» ማን ያውጣው? የቆዳ ሐኪም ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ቀዶ ሐኪም ደብረ ብርሃን። የቱ እንደሚሻል እሱም አልቆረጠልኝም። የደብራችን አለቃ ሲሰሙ ሳቁ። «ቀዶ ሐኪሙ ጋ ሂድ። እስከ አንጎልህ ቢቆፍርም የሚያገኘው የለም።» ደብረ ብርሃን ይቀርባል። ወሰንኩ።

ሐሙስ
ባለቤቴ አስካለ ተልባ ወቅጣ፣ አሙቃ አሰረችልኝ። «ጥሬውን ይዘው ሐኪም ፊት ሊቀርቡ ነው? በስሎ ይሂድ እንጂ» አለች። ብጉንጅ የምናበስለው እንዲህ ነው፤ ልክ መሰለኝ። ሲመሽ ይጠዘጥዘኝ ጀመር።

ዓርብ
ከመሐል ሜዳ የተነሳው አውቶቡስ በተንገጫገጨ ቁጥር አናቴ ይመታል። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጨርቁን ፈትቶ ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ።
«ምን አደረጉበት?»
ነገርኩት።
«አባቴ፣ ብጉንጅ ይበስላል። ይኼ ይቆጣል እንጂ አይበስልም። አሁን ብነካው ከረጢቱ ይበጣጠሳል፤ ቁራጭ ከቀረ ደግሞ እንደገና ያብጣል።»
የቆዳ ሐኪም ይሻል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ለማስወጣት ከሆነ እሱም ወደ ቀዶ ሐኪም ነው የሚልክዎት» አለኝ። ቢያንስ ይኼ ለየልኝ።
ክኒን ሰጠኝ። እብጠቱ ከረጋ በገና ማግስት ያወጣዋል፤ ስፌቱ እስኪፈታ ግን፣ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ራሴ ላይ ምንም አልሸከምም። ያ ከሆነ ጥምቀት አለፈኝ። ከበዓሉ በኋላ ይሁንልኝ አልኩት። «ይሆናል። ሸክም ካረፈበት ግን እንዳይፈነዳ ዋስ አልሆንዎትም።»

ቅዳሜ
አስካለ ቀና ብላ አላየችኝም። አልተቆጣኋትም፤ ራሴን ያቀረብኩላት እኔው ነኝ። አለቃም ዛሬ አልሳቁም። «ታቦቱ ሥር ሆነህ ደም ቢወርድህ ምን ይውጠናል?» አሉኝ። ለሌላ ስጥ አላሉኝም፣ ተሸከምም አላሉኝም። መለመንም መከራከርም ሰልችቶኛል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ከካህናቱ ጋር ተነጋግረው ይነግሩኛል።