ጋቢው የበላው ፊት

ሰኞ፣ ጥር 13 ቀን 1960 ዓ.ም.

ፎቶግራፎቹ ተመልሰው መጡ። አንድም አልቀረም። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሹፌር ፖስታውን ባንኮኒዬ ላይ ጣለልኝና «አጎትህ ተቆጥተዋል» ብሎኝ ወጣ።

አጎቴ ኑሩ መርካቶ ነው ያለው። የአባቴን የሐጅ ጉዳይ የሚያስጨርስልን እሱ ነው። በፖስታው ጀርባ በእርሳስ ጽፏል፦ የፓስፖርቱ ሹም ፎቶግራፉን አይቶ «ጋቢውን አየሁት፤ ሰውዬው የት አለ?» አለኝ። ግንባሩና ጆሮው የሚታይ፣ ዓይኑ የተከፈተ ሌላ ላክ። በእሁዱ አውቶቡስ ካልደረሰ የዘንድሮው አለፈ።

ሹሙ እውነቱን ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የዒድ ዕለት በቀትር፣ በኖራ በተቀባው ግድግዳችን ፊት አቆምኩት። አባቴ አምሮ ይነሳ ብዬ አዲስ ጋቢ አለበስኩት፣ አዲስ ጥምጥም አስጠመጠምኩት። ግድግዳው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ፣ ጥምጥሙ ነጭ። በመሃል ፊቱ ከሰል መስሎ ቀረ። በዚህ አገር ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ይሳሳታል። ሰው ፎቶግራፍ ሊነሳ ሲል ያለውን ነጭ ሁሉ ነው የሚለብሰው። እኔ ግን ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ መሳሳት አልነበረብኝም።

ፎቶ ቤት ወስጄው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ግን አልሄድም ብሎኝ ነበር። «ምስሌን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ግድ ከሆነ አንተው አንሳኝ» አለ። ለዚያም ስንት ልመና።

እንደገና ላንሳው ብል ደግሞ የለም። አውፍ ሊጠይቅ ወጥቷል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ያስቀየመው እንዳለ እየዞረ «አውፍ በሉኝ» ይላል፤ ይቅርታውን ሳይዝ አይሄድም። አባቴ ጉልበት ሳለው በየገበያው በበቅሎ እየዞረ ጨርቅ የሸጠ ሰው ነው። የሚዞርበት አገር ብዙ ነው። ዛሬ የት እንዳደረ አላህ ይወቅ። ሰባን አልፏል። ለከርሞ ይሄዳል ብሎ ዋስ የሚሆነኝ የለም።

በእጄ ያለው ነጋቲቩ፣ ፎቶግራፉ የሚታተምበት ፊልም ብቻ ነው። ነገ ወዳጆቼ ይመጣሉ። እነሱ ይዩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ሱቁን እንደዘጋሁ ተሰበሰብን። ፎቶግራፍ የምናነሳ ሦስት ወዳጆች ነን። መምህር ታምሩ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ የተወለትን ማጉያ መሣሪያ የያዘው እሱ ነው። ወይዘሪት ሰናይት ስልክ ቤት ትሠራለች፤ ካሜራዋ ከሁላችን ያነሰ፣ ዓይኗ ከሁላችን የበለጠ ነው። ሦስተኛው እኔ።

ሕጋችን አጭር ነው። ፎቶግራፉ በአቡጀዲው ጣቃ ላይ ይዘረጋል። ማንም «ያምራል» አይልም፤ ጉድለቱን ብቻ ይናገራል። ባለቤቱ ሁሉም ተናግረው እስኪጨርሱ አፉን አይከፍትም። ለነጋዴ ይህ ከባድ ነው። ዕቃውን ሲያናንቁበት ዝም የሚል ነጋዴ የት አለ?

መጀመሪያ የታምሩን የጥምቀት ፎቶግራፍ አየን። ሰናይት «መምህር፣ ጃንጥላዎቹ ተነስተዋል፤ ሰዎቹ ግን ቤታቸው ቀርተዋል» አለችው። እሱ ሕጉን ላለማፍረስ ከንፈሩን ነከሰ።

ከዚያ አባቴን ዘረጋሁ። ጉዳዩን አስረዳኋቸው፤ ሕጉንም አፈረስኩ።

ታምሩ «ጋቢውን ቆርጠን እናውጣው። ፊቱን ብቻ አጉልተን እናትመው» አለ።

ሰናይት «ጥቁር ፊት ሲጎላ ትልቅ ጥቁር ፊት ነው የሚሆነው» አለች። «በሚታተምበት ጊዜ ፊቱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በካርቶን እንከልል። ብርሃን ሲያንሰው ወረቀቱ ላይ ፈካ ይላል። ጋቢው ግን ብርሃኑን እስኪጠግብ ይብላ።»

ነገ ማታ መብራት እንደመጣ ታምሩ ቤት እንሞክራለን። ሁለቱም ነገ ሌላ ሥራ ነበራቸው። ተዉት። ይህን እንዳልረሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ሞከርን። ሰናይት የሳንቲም ስፋት ያለው ካርቶን በሽቦ ጫፍ አስራ በብርሃኑ መሃል ታወዛውዝ ጀመር፤ ዳሩ መስመር እንዳይሠራ እጇን አታሳርፍም። ታምሩ ይቆጥራል። እኔ ወረቀቱን መልክ በሚያወጣው መድኃኒት ውስጥ እነክራለሁ።

መጀመሪያ ያተምነው ግንባሩ ላይ ነጭ ክብ አወጣ፣ ጠባሳ ይመስል። ቀጥሎ ያተምነው ተሻለ። ከዚያ የመጣው ላይ አፍንጫው ታየ፣ ጺሙ ታየ። ደስ ብሎኝ «መጣ!» ብዬ ጮህኩ።

ዓይኖቹ ግን የሉም። በፀሐዩ ምክንያት ጨፍኗቸዋል። የሌለውን ነገር ካርቶን አያመጣውም።

ታምሩ ተስፋ አይቆርጥም። እርሳሱን አሹሎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ዓይን ሣለለት። እጁ ደግሞ የተባረከ ነው። ዓይን ሠርቶ ቅንድቡን አስተካከለ፤ እዚያው እያለ የግንባሩንም መስመር ለስለስ አደረገው። ሲጨርስ አንድ መልከ መልካም ሰው ከወረቀቱ ላይ አፍጥጦ ያየናል።

ሰናይት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታየው ቆየች። «ጋሽ ሁሴን፣ ይኼ አባትዎ ናቸው ወይስ ታናሽ ወንድምዎ?»

ሳቅን።

ታምሩ «ማን ያውቃል? ሹሙ አባትህን አያውቃቸውም» አለ።

ቀዝቀዝ ብዬ አሰብኩት። ሹሙ አያውቀውም። ግን በየኬላው አባቴንና ወረቀቱን እያስተያየ የሚያሳልፍ ሰው አለ። አንዱ «ይህ አንተ አይደለህም» ቢለው፣ ቋንቋ በማያውቅበት አገር ለብቻው ምን ይላል? ይቅርታ ለምኖ የወጣ ሰው በውሸት ፎቶግራፍ አይሄድም። ናሙናው ሌላ፣ ዕቃው ሌላ የሆነ ጨርቅ ሸጬ አላውቅም፤ በአባቴ አልጀምርም።

ታምሩን አመስግኜ ፎቶግራፉን ኪሴ ከተትኩት። አልተቀየመም። «እውነትህን ነው። ዓይኑን ስሠራ እኔው እየወደድኩት ሄድኩ» አለኝ። ሰውየውን ማግኘት አለብኝ፤ ሌላ መንገድ የለም።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ሰናይት አገኘችው! ጠዋት በሥራዋ ላይ ሳለች በመስመሩ ላይ ያሉትን ስልክ ቤቶች አንድ በአንድ ጠይቃለች። የደምበጫዋ ባልደረባዋ «በበቅሎ የመጡ አንድ ሼህ ትናንት እዚህ ገብተው እኔንም አውፍ በይኝ ብለውኛል። ኧረ አባቴ አላውቅዎትም ብላቸው፣ ባታውቂኝም በይኝ፣ አይጎዳሽም አሉኝ» አለቻት። እሱ ነው። ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም። ከወዳጁ ከእህል ነጋዴው ከሐጂ ሰይድ ቤት አርፏል፤ እስከ ነገ ጁምዓ ይቆያል።

ሱቁን ለባለቤቴ ለዘይነባ ተውኩላት። ነገ ማለዳ በጭነት መኪና እሄዳለሁ።

ማታ ሁለቱም መጥተው መከሩኝ። እንዳይጠፋኝ፦

ፀሐይ ላይ አታቁመው። የቤት በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ሰማዩ ብርሃን።

ከኋላው ግድግዳ አይሁን። የቤቱ ጨለማ ይሁን።

ጋቢ የለም። በምንም ዓይነት።

ርቀቱን በገመድ ለካ፣ በግምት አይሁን (ይህ የታምሩ ነው)።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እንዳትል (ይህ የሰናይት ነው)። «የርስዎ አባት እንደኔ አባት ከሆኑ፣ ሦስት ሲባል ነው የሚጨፍኑት። ያዋሯቸው። ራሳቸው ሲያወሩ ይጠብቁ።»

ዓርብ፣ ጥር 17

ደምበጫ። ይህን የምጽፈው ሐጂ ሰይድ ቤት ሆኜ ነው።

አባቴ ሲያየኝ የመጀመሪያ ቃሉ «ሱቁን ለማን ጥለህ መጣህ?» ነው።

ፎቶግራፉ መመለሱን ነገርኩት።

«እንግዲያው አላህ አልወደደውም።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት አባባ። በአላህ አያሳብቡ።»

ሐጂ ሰይድ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ሼህ ዑመር፣ ሙሽራ እንኳ አንዴ ነው የሚነሳ! ምንድነው እንዲህ መቀናጣት?» አለው። አባቴ ፊቱን አኮሳተረ፤ ግን ከጁምዓ በኋላ እሺ አለ።

በእህል መጋዘኑ በር ላይ በርጩማ አስቀመጥኩ። ጋቢውን ተቀብዬ የሐጂ ሰይድን ጥቁር ካፖርት አለበስኩት። ጥምጥሙ ላይ ተጣላን። አወልቃለሁ አለ፣ መልሶ አላወልቅም አለ። በመጨረሻ ጥምጥሙ ወረደ፣ ቆቡ ቀረ። ጆሮዎቹና ግንባሩ እንዲወጡ ወደ ኋላ ገፋ አደረግሁለት። «ልጅ የአባቱን ቆብ ሲያስተካክል አየሁ» ብሎ አጉረመረመ። በገመድ ለካሁ።

ካሜራዬ ከላይ ወደ ታች የሚታይበት ዓይነት ነው። አጎንብሼ መስታወቱን ሳይ አባቴ አክብሬው ያቀረቀርኩ መሰለው። አልቆጠርኩም። ምን እንደማዋራው ግን ጠፋኝ። ከደንበኛ ጋር ቀኑን ሙሉ የማወራ ሰው፣ ከአባቴ ጋር ቃል አጣሁ።

እሱ ጀመረ። «ሁሴን» አለ። በስሜ ሲጠራኝ ቁም ነገር አለው። «አገሩን ሁሉ ዞሬ አንተን ልረሳ ነበር። ይህን ካሜራህን የሥራ ፈት ጨዋታ እያልኩ ሰው ፊት አሳፍሬሃለሁ። አውፍ በለኝ።»

መልሴን ለመስማት ቀና ብሎ አየኝ። ያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ከዚያ በኋላ ነው «አውፍ ብያለሁ አባባ፤ እርስዎም እኔን አውፍ ይበሉኝ» ያልኩት። ቅደም ተከተሉ ልክ እንዳልሆነ፣ መልሱ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። ግን ዓይኑ ክፍት ነበር።

ለጥንቃቄ ብዬ ደገምኩ። ያኔ የካሜራውን ድምፅ ለይቶታልና ጥርቅም አድርጎ ጨፈነ። ሦስተኛም እንደዚያው። ያለችኝ ያቺ አንዲት ናት። እጄ ከተንቀጠቀጠ አለቀ።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

በጠዋት ተመለስኩ። አባቴ አልመጣም፤ አንድ ሁለት መንደር ይቀረኛል ብሎ በዚያው ቀረ። በጨው ጆንያ ማከማቻዬ ውስጥ፣ በሩን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ፊልሙን አጠብኩ። የመጀመሪያዋ ስትወጣ ብርሃን ላይ አንጠለጠልኳት። አልተንቀጠቀጠችም። አልሐምዱሊላህ።

ማታ ታምሩ ቤት። ታምሩ የአማቹ ግብዣ ነበረበት፤ ሚስቱን ብቻዋን ልኳታል። ሰናይት ወረቀቱ ሲበስል አጠገቤ ቆማ «ገና ነው፣ ገና ነው፣ አይቸኩሉ» ትላለች። እኔ ደግሞ መልክ ሲመጣ ቶሎ ላውጣው እላለሁ፤ ዘወትር የምሠራው ጥፋት ይኸው ነው። ዛሬ ታዘዝኳት።

ታምሩ ከአባቴ ግራ ዓይን ሥር ያለውን እጥፋት አይቶ እጁ ወደ እርሳሱ ሄደ። ሰናይት እጁን መታ አደረገችው። «መምህር! ተዋቸው!» ሦስታችንም ሳቅን። እርሳሱን ለራሷ ወስዳ ጸጉሯ ውስጥ ሰካችው።

አባቴ ወጣ። እሱ ራሱ ነው። ሸምግሏል፣ ግንባሩ ታርሷል፣ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። ጠርዙን ቆርጠን በልኩ አደረግነው።

እሁድ፣ ጥር 19

አውቶቡሱ ይዞት ሄደ። ሹፌሩን ሦስት ጊዜ አደራ አልኩት፤ «አስጨነቅከኝ እኮ» አለኝ። ቆቡ ግን ያሳስበኛል። ቆብ አይፈቀድም ቢሉስ?

ረቡዕ፣ ጥር 22

ሰናይት ምሳ ሰዓቷ ላይ ወደ ሱቅ ስትሮጥ መጣች። ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ ጨርቅ በክንድ እየለካሁለት ነበር። «አጎትዎ ደውለዋል! የፓስፖርቱ ሹም ቆቡን አይቶ ጥቂት አጉረመረመ፤ ግን አለፈ!» አለችኝ።

የስንት ክንድ እንደለካሁ ጠፋብኝ። እንደገና ለካሁ፣ ለደንበኛው ትርፍ ሰጠሁት። ምን እንደነካኝ አላወቀም፤ መርቆኝ ሄደ።

ለሰናይት ጨርቅ ምረጪ ብላት አልፈልግም አለች። ታምሩም እንደዚሁ። ምን ላድርግላቸው? አላህ ይስጣቸው ከማለት በቀር የማውቀው የለም። የኔ አባት ሐጅ እንዲሄድ አንዱ የአማቹን ግብዣ ትቷል፣ አንዷ አገሩን በስልክ አስሳለች። በሃይማኖት አንገናኝም። በአንድ ወረቀት ላይ ግን ጎንበስ ብለን አብረን ጠብቀናል።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

አባቴ ትናንት ማታ ገባ። በቅሎዋም እሱም ደክመዋል። ዛሬ ጠዋት ፓስፖርቱ ማለፉን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረገ። ከዚያ «እስቲ አሳየኝ» አለ። ለቤት ያስቀረሁትን አንዱን ሰጠሁት።

ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ራቅ አደረገው፣ መልሶ አቀረበው። ሳስበው በዚህ ሁሉ ዕድሜው ራሱን እንዲህ አይቶ አያውቅም።

«አርጅቻለሁ ለካ» አለ።

ከመስኮቱ ሳይርቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ያስተማሩህ ሰዎች እነማን ናቸው?»

ነገርኩት። ነገ ታምሩ ቤትና ስልክ ቤት እንድወስደው ጠየቀኝ። «አውፍ ልጠይቃቸው ነው?» ስለው «አይ፣ ላመሰግን ነው። ያኛው ተጨርሷል» አለ።

ፎቶግራፉን መለሰልኝ። «ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅለው፤ አልወድም። ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። በሰላም ከተመለስኩ ምን ያደርግላችኋል፤ እኔው አለሁ። ካልተመለስኩ ግን አውጡት። ልጆቹ ይወቁኝ።»

በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ።