ቤቱን ሳያዩ ሰው የማያስገቡት ወይዘሮ የሻሽወርቅ

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ካሣዬ ከአባታቸው ከአቶ ካሣዬ ተድላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ያረጋል በቀድሞው ጎንደር ክፍለ ሀገር፣ ጭልጋ፣ በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው “የማሽላ አጨዳ ሰሞን” ከማለት በቀር ስላልነገሯቸው፣ የሱዳን የመኖሪያ ወረቀታቸው እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ አንድ ቀን ተወለዱ ይላል።

ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ ወዲያ ያስተማራቸው የለም፤ እሳቸው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሰው ማስተማር አላቆሙም።

በ1977 ዓ.ም. በመተማ አድርገው ሱዳን ገቡ፤ ካርቱም ውስጥም ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠሩ። የመጀመሪያዋ አሠሪያቸው በረንዳ ላይ ታስተኛቸው ነበርና፣ ኋላ ሠራተኛ ማስቀጠር ሲጀምሩ ቤቱን ሳያዩ ሰው ላያስገቡ ማሉ። ሌላው ደላላ ልጅቷን አቁሞ ሲመረምር፣ እሳቸው አሠሪዋን አስነስተው የምትተኛበትን ክፍል፣ የበሩን ቁልፍ፣ የውሃውን ቧንቧ ይመረምራሉ። ማቀዝቀዣም ይከፍታሉ። የሀብታም ሰፈር የአል-ማንሺያ እመቤቶች “የሻሽ ልትመጣ ነው” ሲባል ቤት ያስጠርጉ ነበር። ቤቱን ከወደዱት ለልጅቷ ዋስ ይሆናሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያስገቡት ሰው ተመልሶባቸው አያውቅም።

በ1984 ዓ.ም. ከአቶ ፍሰሐ ጌታሁን ጋር ጋብቻ መሥርተው ልጃቸውን ሜላትን ወልደዋል። አቶ ፍሰሐ የመጡት ዘበኛ ሆነው ለመቀጠር ነበር። “የዘበኛውን ክፍል ባየው ለፍየል አይሆንም። የተሻለ እስኪገኝ ብዬ እኔ ቤት አስቀመጥኩት” ይሉ ነበር። አቶ ፍሰሐ የተሻለ ሳይገኝላቸው በ2003 ዓ.ም. አረፉ።

በ2011 ዓ.ም. የሱዳን አብዮት ሲቀጣጠልና አሠሪው ሁሉ ቤቱን እየዘጋ ሲሄድ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው አሥራ አንድ ልጆች አስተኝታለች። ኋላ ሁሉም ነገር አዲስ ይሁን በተባለበት ጊዜ፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ብርቅነሽ የምትባል ልጅ በወጥ ቤት ሠራተኛነት ያስገቡላቸው ፕሮፌሰር አብዱልወሃብ በሚመሩት የዩኒቨርሲቲ ክፍል የኳንተም ኮምፒውቲንግ ምርምርና ትምህርት እንዲከፈት አስፈቀዱ። አስተማሪ ግን ጠፋ። ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ወጣ። አንድ ሰው ከውጭ ድረስ መጥቶ፣ የተሰጠውን ቢሮ አይቶ፣ በማግስቱ በመጣበት አውሮፕላን ተመለሰ። እስከ የካቲት 2013 መጨረሻ ሰው ካልተቀጠረ ፈቃዱ ይሰረዛል ተባለ። ፕሮፌሰሩም ምሳ በቀረበ ቁጥር ለብርቅነሽ ያማርሩ ጀመር።

በዚያው ዓመት ጥር፣ የሰሜኑን ጦርነት ሸሽተው ድንበር የተሻገሩ ለተብርሃን የሚባሉ ሴት ወደ ወይዘሮ የሻሽወርቅ የቤት ሥራ ፍለጋ መጡ።

“ወጥ ትሠሪያለሽ?”

“ብዙም አልችልበት።”

“መተኮስስ?”

“አቃጥላለሁ።”

“ታዲያ በምን ላስገባሽ ልጄ? ሥራሽ ምን ነበር?”

“ኳንተም ኮምፒውቲንግ አስተምር ነበር።”

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቃሉን ከብርቅነሽ ሰምተውታልና ትርጉሙን ጠየቁ። ዶክተር ለተብርሃን ተራው ኮምፒውተር አዎ ወይም አይደለም ብቻ እንደሚል፣ ይኸኛው ግን እስኪለካ ድረስ ሁለቱንም ይዞ እንደሚቆይ አስረዱ።

“ይሄማ ‘ኢንሻአላህ’ የሚል አሠሪ ነው!” አሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ። “ሄደሽ እስክታዪው አዎም ነው፣ እምቢም ነው። ያላ፣ ተነሺ፣ እንየው።”

የዩኒቨርሲቲው ቀጣሪ ኮሚቴ ዶክተሯን ሊፈትን ተሰብስቦ ሳለ፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ እንግዳቸውን ከሜላት ጋር ውጭ አስቀምጠው ብቻቸውን ገቡና ቢሮውን መፈተን ያዙ። በሩ ቁልፍ የለውም። ማራገቢያው አይዞርም። ካህራባ፣ መብራቱ ማለት ነው፣ ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያበራው የዲኑን ክፍል ብቻ ነው።

“ያ ሐጃ፣” አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ክርስቲያን መሆናቸውን እያወቁ፣ “እኛ እኮ የምንቀጥረው አስተማሪ ነው፣ የቤት ሠራተኛ አይደለም።”

“ለሠራተኛ ያልሆነ ቤት ለአስተማሪ ሊሆን? ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ስታወጡ ሰው ሰው ትላላችሁ፤ አንድ ቀን ራሳችሁን አይታችኋል?”

ቁልፉም፣ ማራገቢያውም፣ የጄኔሬተሩም ገመድ፣ የእሁድ ዕረፍትም ተፈቀደ። የኮሚቴው ጸሐፊ ኡስታዝ ዳውድ ግን የዲግሪውን ወረቀት አምጡ አሉ። ወረቀቱ ከቤት ንብረቱ ጋር ተቃጥሏል። “ያለ ዋረቃ አይሆንም” ብለው መዝገባቸውን ዘጉ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቆሙ። “ዋሷ እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሞክሯት። ካልሆነች መልሱልኝ፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ሰው ላላስገባ፣ የእናቴን አጥንት!”

የሠላሳ ዓመት ስማቸውን ከነእንጀራቸው አስያዙ። ሦስቱንም ቀን በሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ዋሉ። በመጀመሪያው ቀን ከዘጠኝ ተማሪ አንዱ አንኮራፋ፤ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ላባቸውን ጠረጉ። በሁለተኛው መብራት ጠፋ፤ ዶክተሯ ጠመኔ አንስተው ቀጠሉ፣ ያንኮራፋውም ጥያቄ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን የሌላ ክፍል ተማሪ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሰዓት አለቀ ሊሉ የመጡት ኡስታዝ ዳውድም ቁጭ ብለው ቀሩ። ምን ገባዎት ሲባሉ ወይዘሮ የሻሽወርቅ “ትምህርቱ አንድም አልገባኝ። የጠገበ ሰው ፊት ግን አውቃለሁ” ብለዋል።

ዶክተር ለተብርሃን በአራተኛው ቀን ተቀጠሩ። ወረቀታቸው ከሰባት ወር በኋላ ከቀድሞ አስተማሪያቸው ሲላክ፣ ኡስታዝ ዳውድ በረክሻ ባጃጅ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ ይዘውት መጡ። “እኔ መች ጠየቅኩ?” አሏቸው ወይዘሮ የሻሽወርቅ፤ ምሳ ግን አበሏቸው። በጥቅምት 2014 መንግሥት ተገልብጦ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያሻግረው የአባይ ድልድይ ሲዘጋ፣ በወዲህኛው ማዶ የቀሩት ተማሪዎች የወይዘሮ የሻሽወርቅን ግድግዳ በከሰል ጽሑፍ ሞልተው ተምረዋል። እሳቸውም ሲቆጡ ሰንብተው፣ ሜላት ልታጥበው ብትነሳ “እንዳትነኪው!” አሉ።

በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ መስኮቱ ካልተከፈተ አልተኛም ብለው ቆመው ነበር፤ ተከፈተላቸው። በተወለዱ በ65 ዓመታቸው የካቲት 19 ቀን 2014 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ልጃቸውን ሜላትን፣ ወንድማቸውን አቶ ሻምበልን፣ ዋስ የሆኑላቸውን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ልጆችና አንዲት ዶክተር ትተው አልፈዋል።

አምላክ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ማረፊያ ያዘጋጅላቸው፤ አይተው እንደሚገቡ ያውቃልና። ወረቀት ቢጠይቃቸው ከአራተኛ ክፍል በላይ የላቸውም። ዋስ ቢጠይቃቸው ግን ይኸው ቆመናል። ሦስት ቀን ይሞክራቸው፤ አይመልሳቸውም።